ከካዛንቺስ 107 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ

በየቀኑ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ በአዲስ አበባ አናት ላይ የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ ምሥራቅ መፍሰስ ይጀምራል። ከፍታው 107 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስፋቱ ከአርባ ምንጭ እስከ ላሊበላ ያለውን አገር ሊሸፍን ይችላል። ከረፋዱ 5 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ያይላል፣ ከሰዓት በኋላ ይላላል፣ ማታ ይጠፋል። ሽቦም ሆነ ቆጣሪ የለውም፤ በዓይን ያየው ሰውም የለም። መኖሩ የታወቀው ምድር ላይ የተቀመጠ ማግኔት ስለሚያወዛውዝ ነው።

ከዚያ መወዛወዝ ተነሥቶ ጅረቱ ስንት አምፔር እንደሆነ የሚያስላው ቀመር ግን ሰማይን አስቦ የተሠራ አይደለም። በ1820 ፓሪስ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ለተዘረጋች ሽቦ የተቀመረ ነው። ፊዚክስ የተማረ ሰው የቢዮትና የሳቫርን ሕግ ለፈተና ያጠናዋል፤ የካዛንቺስ ነዋሪ ደግሞ በባምቢስ በኩል የሚያልፈውን ባቡር ያውቀዋል። ሁለቱን የሚያገናኘው ታሪክ በአራት ኪሎ በኩል ያልፋል። (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1820፦ ፓሪስ፣ አንድ መርፌና አንድ ሽቦ

በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ ዴንማርካዊው ሐንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ ከባትሪ ጋር የተያያዘ ሽቦ ወደ ኮምፓስ መርፌ ሲያስጠጋ መርፌዋ ፊቷን አዞረች። ግኝቱን ሐምሌ 21 ቀን በላቲን በተጻፈች አጭር ጽሑፍ ለአውሮፓ ሊቃውንት በተነ። ወሬው ፓሪስ የደረሰው በፍራንሷ አራጎ አማካይነት በመስከረም መጀመሪያ ሲሆን፣ አንድሬ ማሪ አምፔር ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ የራሱን ጥናት ለሳይንስ አካዳሚው ማቅረብ ጀመረ። ሳይንስ እንዲህ የተጣደፈባቸው ወራት ጥቂት ናቸው።

ዣን ባቲስት ቢዮትና ፌሊክስ ሳቫር የደረሱት ዘግይተው፣ ጥቅምት 30 ቀን ነው። ሳቫር በሙያው ሐኪም ነበር፤ ልቡ ግን ቫዮሊን እንዴት እንደሚዘምር በማጥናት ላይ ነበር። ንዝረት መቁጠር የለመደ ሰው መሆኑ ለዚህ ሥራ ሳይጠቅመው አልቀረም። ሁለቱ ቀጥ ያለ ረጅም ሽቦ በቁሙ ዘረጉ፤ ትንሽ የማግኔት መርፌ በሐር ክር አንጠለጠሉ፤ የምድር ማግኔት መርፌዋን እንዳይስብባቸው ሌላ ማግኔት በስተጎን አስቀምጠው ኃይሉን አጣፉት። ከዚያ ሽቦው ላይ ጅረት ለቅቀው መርፌዋ ስትወዛወዝ ጊዜውን መዘገቡ። ኃይሉ ሲበረታ መርፌዋ ትፈጥናለች፣ ሲደክም ትዘገያለች። ርቀቱን እየለዋወጡ ደጋግመው ለኩ። ውጤቱ ግልጽ ነበር፦ ከሽቦው ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል።

ይህ የረጅም ሽቦ ነገር ነው። ቁራጯስ? እዚህ ላይ ሒሳበኛው ላፕላስ ገባ። ረጅሙ ሽቦ የብዙ ጥቃቅን ቁራጮች ድምር ከሆነና ድምሩ በርቀቱ ልክ የሚቀንስ ከሆነ፣ የእያንዳንዷ ቁራጭ ድርሻ በርቀቱ ካሬ ልክ መቀነስ አለበት አለ። የቀረው የማዕዘን ጥያቄ ነበር፤ ቁራጯ ፊት ለፊት ስትታይና ጎን ለጎን ስትታይ እኩል ኃይል የላትም። ቢዮትና ሳቫር ሽቦውን እንደ «ቪ» ፊደል አጥፈው ለኩና ኃይሉ ከማዕዘኑ ጋር በቀጥታ ያድጋል ብለው አወጁ። ተሳስተው ነበር። ፌሊክስ ሳቫሪ የተባለ ሌላ ሊቅ ሒሳቡን ሲፈትሽ ስሕተቱ ወጣ፤ ትክክለኛው መልስ የግማሽ ማዕዘኑ ታንጀንት ሆነ። ዛሬ በሁለቱ ስም የሚጠራው ሕግ በአንድ ቀን የተወለደ አይደለም፤ የታረመ ሕግ ነው።

ከእርማቱ በኋላ የወጣው ስሌት ለማንም አይከብድም። በዛሬው መለኪያ፣ እጅግ ከረዘመ ቀጥ ያለ ሽቦ አጠገብ ያለውን የማግኔት መስክ በናኖቴስላ ለማግኘት አምፔሩን በ200 አባዝቶ በሜትር በተለካው ርቀት ማካፈል ይበቃል። ሽቦው አጭር ከሆነ ከዚህ ላይ ይቀነሳል፤ ምን ያህል እንደሚቀነስ የሚወስነው ሁለቱ ጫፎች ከሚለካበት ቦታ ሲታዩ የሚሠሩት ማዕዘን ነው። ለምሳሌ አንድ ኪሎ ሜትር ከሚረዝም ሽቦ መካከል ፊት ለፊት አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚለካ ሰው፣ ማለቂያ ከሌለው ሽቦ የሚያገኘውን 45 በመቶ ያህል ብቻ ያገኛል።

ከአምፔር የወረስነው አንድ ቅር የሚያሰኝ ጥያቄ ግን አለ። የማይቋረጥ ጅረት ዞሮ ወደ ተነሣበት ይመለሳል። ብቻዋን የምትኖር ቁራጭ ሽቦ በወረቀት ላይ እንጂ በዓለም ላይ የለችም። ስለዚህ የቁራጯን ድርሻ ያሰላ ሁሉ «የቀረውስ በየት በኩል ተመለሰ?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው።

1839–1922፦ ከምድር በታች ወይስ ከሰማይ በላይ?

የምድር ማግኔት መስክ በየቀኑ ጥቂት ከፍና ዝቅ እንደሚል ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነበር። ምንጩ ከየት እንደሆነ ግን የሚናገር አልነበረም። ካርል ፍሪድሪሽ ጋውስ በ1839 ባሳተመው ሥራ፣ ምድር ላይ ብቻ ተቁሞ በተለካ ቁጥር የመስኩን ምንጭ ከበታችና ከበላይ መለየት እንደሚቻል በሒሳብ አሳየ። ባልፎር ስቱዋርት በ1882 የዕለቱ መዋዠቅ የሚመጣው በላይኛው አየር ውስጥ ከሚፈስስ ጅረት ነው ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ አርተር ሹስተር በ1889 የጋውስን መንገድ ተጠቅሞ ሲመረምረው አብዛኛው በእርግጥ ከላይ ሆኖ ተገኘ። ማንም ፊኛ እንኳ ልኮ ሊደርስበት በማይችል ከፍታ ላይ ኤሌክትሪክ እንዳለ በወረቀትና በእርሳስ ታወቀ ማለት ነው።

ከዚያ በ1922 የአሜሪካው ካርኒጊ ተቋም ፔሩ ውስጥ ዋንካዮ በተባለ ከፍተኛ ስፍራ የማግኔት መመልከቻ ጣቢያ ከፈተ። በዚያ የሚመዘገበው የመስኩ የእኩለ ቀን ከፍታ በሌላው ዓለም ከለመዱት በእጥፍ በላይ ነበር። መሣሪያው ተመረመረ፤ ችግር የለበትም። ዋንካዮ የተለየችበት ነገር አንድ ነው፦ የማግኔት ወገብ በአጠገቧ ያልፋል። ይህ ወገብ በካርታ ላይ ከሚሰመረው የምድር ወገብ የተለየ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ማዘንበል የምትችል መርፌ ወዴትም ሳታዘነብል ጋደም የምትልበት መስመር ነው። በአፍሪካ ምሥራቅ ሲያልፍ በኢትዮጵያ በኩል ይሄዳል።

1947–1951፦ ቻፕማን ሽቦውን ጠፍጣፋ አደረገው

በ1947 ኤግዳል የተባለ ዴንማርካዊ ተመራማሪ በወገቡ አካባቢ ያሉ ጣቢያዎችን ቁጥር አሰባስቦ ሲያስተያይ፣ የእኩለ ቀኑ ማበጥ በጠባብ መቀነት ውስጥ ብቻ እንደሚታይ አሳየ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ከፔሩ ባሕር ዳርቻ ወዲያ ከመርከብ ላይ የተተኮሰ ሮኬት በ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የጅረቱን ንጣፍ ሲሰነጥቅ የማግኔቱ ቁጥር በድንገት ወረደ። ወደ ምሥራቅ ከሚፈስስ ጅረት በታች ያለ መስክ ወደ ሰሜን ያመለክታል፤ ከበላይ ያለው ወደ ደቡብ። ሮኬቱ ያየው ይህንኑ መገላበጥ ነው።

በ1951 እንግሊዛዊው ሲድኒ ቻፕማን ነገሩን «ኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጀት» ብሎ ሰየመውና ስሌቱን ሠራ። መጀመሪያ ጅረቱን እንደ አንድ ቀጭን ሽቦ፣ ቀጥሎ እንደ ሰፊ ሪባን አድርጎ አስቦ እያንዳንዱ ምድር ላይ ምን እንደሚያስከትል አወዳደረ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። 65 ሺህ አምፔር በ107 ኪሎ ሜትር ከፍታ በአንድ ሽቦ ቢሄድ ከሥሩ ላለ ሰው 121 ናኖቴስላ ይሰጣል። ያው ጅረት በ600 ኪሎ ሜትር ስፋት ላይ ቢዘረጋ ግን ወደ 53 ይወርዳል፤ ዳር ዳር ያለው ክፍል ርቆና አግድም ሆኖ ስለሚታይ ድርሻው ይሳሳል። ጠቅላላው የአዲስ አበባ መስክ 36 ሺህ ናኖቴስላ ያህል መሆኑን ላሰበ ሰው ሁለቱም ኢምንት ናቸው። መሣሪያው ግን ይለያቸዋል።

ጅረቱ ለምን እዚያ ብቻ እንደሚያይል የተገለጸው በላይኛው አየር ባሕርይ ነው። በማግኔት ወገብ ላይ የምድር መስክ ከደቡብ ወደ ሰሜን ጋደም ብሎ ይተኛል። ቀን ቀን ኤሌክትሮኖች ወደ ላይ ይገፋሉ፤ ከንጣፉ በላይና በታች ያለው አየር ግን በቁም እንደ ልብ አያሳልፋቸውም። መውጫ ያጣው ቻርጅ ይከማቻል፤ ክምችቱ የቁም ግፊት ይፈጥራል፤ ያ ግፊት ኤሌክትሮኖቹን ወደ ምዕራብ ይነዳል። ኤሌክትሮን ወደ ምዕራብ ሄደ ማለት ጅረት ወደ ምሥራቅ በረታ ማለት ነው።

1958፦ አራት ኪሎና ካዛንቺስ

ከሐምሌ 1957 እስከ ታኅሣሥ 1958 ድረስ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ታወጀ። አገሮች በየድንበራቸው መሣሪያ እንዲተክሉ ተጠየቁ፤ በማግኔት ወገብ አጠገብ ያሉ ከተሞች ደግሞ ይበልጥ ይፈለጉ ነበር። አዲስ አበባ ቦታውም፣ ተቋሙም ነበራት። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1950 በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሥራ ጀምሮ አራት ኪሎ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሌላው ካናዳዊ ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን የጂኦፊዚክስ መመልከቻውን አቋቋሙ። የማግኔት መዝገቡ በ1958 ተጀመረ።

አባ ጉዋንን የሚያውቃቸው ሰው በአብዛኛው በመሬት መንቀጥቀጥ ነው። በ1961 የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ ማጀቴን ሲያፈርስ ያጠኑት፣ በ1979 ደግሞ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ ያሳተሙት እሳቸው ናቸው። የማግኔቱ ሥራቸው በአገር ቤት ብዙ አልተወራለትም፤ ከጸሐፊው ግምት ግን በዓለም ሳይንስ ውስጥ ስማቸውን ያኖረው እሱ ነው።

በዚያው 1958 የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ተመሥርቶ መቀመጫው አዲስ አበባ እንዲሆን ተወሰነ። ከሦስት ዓመት በኋላ የአፍሪካ አዳራሽ በካዛንቺስ አጠገብ ተመረቀ። ከአዳራሹ ሽቅብ፣ ቤተ መንግሥቱን አልፎ ያለው የአራት ኪሎ ግቢ ቅርብ ነው። ታች የአህጉር ፖለቲካ ሲመከር፣ ላይ ብርሃን በማይገባበት ክፍል ውስጥ መስተዋት የተለጠፈበት ትንሽ ማግኔት በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ነበር። ከመስተዋቱ የሚንጸባረቀው ጨረር ቀስ እያለ በሚዞር የፎቶግራፍ ወረቀት ላይ ያርፋል፤ ማግኔቱ ሲነቃነቅ በወረቀቱ ላይ መስመር ይቀራል። በእንዲህ ያለ ክፍል አካባቢ ብረት አይፈቀድም፤ ሚስማሩ ሳይቀር መዳብ ነው፤ ገቢው ሰው ቁልፉንና ቢላዋውን ውጭ ይተዋል። ዘዴው ከቢዮትና ከሳቫር የሐር ክር የራቀ አልነበረም።

1962–1967፦ ጅረቱ ወደ ኋላ ሲዞር

የተለመደ ቀን መዝገብ ጉብታ ይመስላል። ሌሊት ጸጥ ያለው መስመር ከንጋት በኋላ ይወጣል፣ እኩለ ቀን አካባቢ ጫፍ ይደርሳል፣ ወደ ማታ ይወርዳል። አባ ጉዋን ግን ከአዲስ አበባ ወረቀቶች መካከል አንዳንዶቹ ከዚህ የተለዩ መሆናቸውን አስተዋሉ። መስመሩ በቀን ብርሃን ከሌሊቱ ደረጃ በታች ይወርዳል። የማግኔት ማዕበል ያለበት ቀን ቢሆን ኖሮ ማንም ባልተገረመ፤ እነዚህ ግን ጸጥ ያሉ ቀኖች ነበሩ። በ1962 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት የአዲስ አበባ የዕለት መዋዠቅ እንደሚገለበጥ ጽፈው አሳተሙ።

መስኩ ወደ ሌላ ፊት ከዞረ፣ በቢዮትና በሳቫር ሕግ መሠረት ጅረቱም ዞሯል ማለት ነው። ይህን ደፍሮ ለመናገር አምስት ዓመት ወሰደ። በ1967 አባ ጉዋን ከፈረንሳዊው ኢየሱሳዊ ፒየር ኖኤል ማዮ ጋር በፈረንሳይኛ ባሳተሙት ጥናት ወደ ምዕራብ የሚፈስስ «ተቃራኒ ኤሌክትሮጀት» ሊኖር እንደሚችል አቀረቡ። ርእሱ ራሱ ጥንቃቄ የተሞላበት ነበር፤ «አለ» ሳይሆን «ሊኖር ይችላል» የሚል። ዛሬ ነገሩ በዚሁ ስም በየአህጉሩ ይጠናል። በጠዋትና ከሰዓት በኋላ ሰዓቶች እንደሚበዛ፣ ጨረቃ በአየር ላይ የምታስነሣው ማዕበል እጅ እንዳለበት፣ በዋልታው በኩል የላይኛው አየር በድንገት ሲሞቅም እንደሚበረታ ታውቋል።

የአምፔር ጥያቄ የተነሣው በዚህ ጊዜ ነው፦ ይህ ሁሉ ጅረት በየት በኩል ይመለሳል? በናይጄሪያ ኢባዳን ይሠራ የነበረው ቻርልስ አጎዲ ኦንዉሜቺሊ በ1960ዎቹ አጋማሽ ከቻፕማን ሪባን የተሻለ ሞዴል አወጣ። በእሱ ቀመር ጅረቱ ውፍረት አለው፤ ከወገቡ ራቅ ሲባልም አቅጣጫውን ቀይሮ በሁለቱም ጎን የመልስ ጉዞ ይጀምራል። ቀመሩ የሚሠራው በወገቡ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ በተሰለፉ ጣቢያዎች ቁጥር ነው። አንድ ጣቢያ ብቻውን የሪባኑን ስፋት ሊናገር አይችልም፤ ይህ ለአራት ኪሎም እውነት ነበር።

1997–2012፦ ከላይ የታየ፣ ከዓዲግራት የተቀነሰ

የፎቶግራፍ ወረቀት ዘመን አልፎ የአዲስ አበባው መመልከቻ በ1990ዎቹ መጨረሻ ቁጥሩን በዲጂታል ወደሚለዋወጠው ኢንተርማግኔት ወደተባለው ዓለም አቀፍ መረብ ገባ። በ1999 ዴንማርክ በኧርስቴድ ስም የተጠራ ሳተላይት አመጠቀች፤ በዓመቱ የጀርመኑ ቻምፕ ተከተለ። ሳተላይቶቹ ከጅረቱ በላይ ስለሚበሩ እነሱ የሚያዩት ጉብታውን ሳይሆን ጎድጓዳውን ነው። ከቻምፕ ቁጥር ወደ ኋላ ተሰልቶ የእኩለ ቀኑ ኤሌክትሮጀት በአማካይ 65 ሺህ አምፔር ያህል እንደሚሸከም የታወቀው በ2004 ነው።

ከሳተላይት ይልቅ ለኢትዮጵያ የቀረበው ለውጥ የመጣው ከምድር ነው። እንዳወቀ ይዘንጋው የተባለው ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በአሜሪካ ሆኖ ከማርክ ሞልድዊን ጋር አምበር የተባለውን የአፍሪካ ማግኔቶሜትር መረብ ሲያቋቁም፣ ከመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች አንዱ ዓዲግራት ላይ ተተከለ። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። አዲስ አበባ ከሪባኑ ሥር ናት፤ ዓዲግራት ከጠባቡ መቀነት ውጭ። ሁለቱንም ከላይ የሚነካው ሰፊ መዋዠቅ ግን ተመሳሳይ ነው። የአንዱ ቁጥር ከሌላው ሲቀነስ የጋራው ይጣፋና የኤሌክትሮጀቱ ድርሻ ለብቻው ይቀራል። ከዚህ ልዩነት ተነሥቶ የላይኛው አየር በምን ፍጥነት ሽቅብ እንደሚጓዝ መገመት ይቻላል፤ ይህም የጂፒኤስና የሬድዮ ምልክት መቼ እንደሚታወክ ለሚከታተሉ ሰዎች ያገለግላል።

ኅዳር 2007 አዲስ አበባ የአፍሪካን የኅዋ አየር ጠባይ ጥናት የሚመለከት ዐውደ ጥናት አስተናገደች፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም በእነ ባይሌ ዳምጤ ጥረት «ዋሸራ» የተባለ የኅዋና የራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ ተከፈተ። በ2012 ደግሞ በሲድኒ ቻፕማን ስም ከሚጠሩት ጉባኤዎች አንዱ እዚሁ ከተማ ተካሄደ። ሪባኑን ለመጀመሪያ ጊዜ በወረቀት ላይ ያሰላው ሰው ስም፣ ሪባኑ በሚያልፍበት ከተማ።

2015፦ ባቡሩ

መስከረም 2015 የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። የምሥራቅ–ምዕራቡ መስመር የካዛንቺስን ደቡባዊ ጠርዝ ይዞ በኡራኤል፣ በባምቢስና በእስጢፋኖስ ጣቢያዎች በኩል ወደ ስታዲየምና ለገሃር ይዘልቃል፤ የሰሜን–ደቡቡ ጫፍ ምኒልክ አደባባይ ላይ ሲሆን ከአራት ኪሎው ግቢ 2 ኪሎ ሜትር አይርቅም። ባቡሩ የሚነዳው በ750 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ነው። በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ከሚመላለሰው የቤት ኤሌክትሪክ የሚለየውም በዚህ ነው፤ የቀጥተኛ ጅረት መስክ ለማግኔት መሣሪያ ከኤሌክትሮጀቱ ተለይቶ አይታይም።

ጣጣው ለዓለም አዲስ አይደለም። ቶሮንቶ በኤሌክትሪክ ትራም ምክንያት የማግኔት ጣቢያዋን በ1898 ከከተማ አወጣች፤ ቦምቤይም ኮላባ ላይ የነበረውን በ1904 ወደ አሊባግ አሸሸች። ጃፓኖች በተቃራኒው ጣቢያውን ትተው ባቡሩን ቀየሩ፤ በካኪዮካ መመልከቻ አካባቢ የሚያልፉት መስመሮች ከቶኪዮ በቀጥተኛ ጅረት ወጥተው መንገድ ላይ ወደ ተለዋዋጭ ጅረት ይሻገራሉ።

ለባምቢሱ ባቡር የ1820ው ቀመር ምን ይላል? አንድ ባቡር ሲነሣ 1000 አምፔር ሳበ እንበል። ጅረቱ ከላይ በተዘረጋው ሽቦ መጥቶ በሐዲዱ ይመለሳል፤ በሁለቱ መካከል 5 ሜትር ያህል አለ። የሄደውና የተመለሰው ተቃራኒ ስለሆኑ መስካቸው ሊጣፋ ምንም አይቀረውም፤ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚቀረው 1 ናኖቴስላ ብቻ ነው። ይህ ጅረቱ ሁሉ በሐዲዱ ከተመለሰ ነው። ሐዲድ መሬት ላይ የተኛ ብረት ነውና ከጅረቱ ጥቂቱ ወደ አፈሩ ያመልጣል። ከሺው 100 አምፔር በአንድ ኪሎ ሜትር ርዝመት ላይ በሌላ በኩል ዞሮ ቢመለስ፣ አቻ ያጣው ቁራጭ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ወደ 9 ናኖቴስላ ይሰጣል። ከሙሉው ጅረት ይልቅ ያመለጠው አሥረኛ እጅ ዘጠኝ ጊዜ ይበልጣል። የዘመኑ ማግኔቶሜትር የአንድ ናኖቴስላን አሥረኛ ይለያል።

2024፦ ካዛንቺስ፣ ሽቦው መሬት ሲገባ

በኮሪደር ልማቱ የድሮው ካዛንቺስ አብዛኛው ክፍል ፈርሶ መንገዱ እንደ አዲስ ሲሠራ፣ በየምሰሶው ተጠላልፎ ይታይ የነበረው የመብራት ሽቦ ወደ ጉድጓድ ገባ። አፈር ለማግኔት መስክ መጋረጃ አይሆንም፤ መስኩን የሚያሳንሰው የሄደው ሽቦ ከተመለሰው ጋር መጠጋቱ ነው። በምሰሶ ላይ በ8 ሜትር ከፍታ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው 100 አምፔር የሚሸከሙ ሁለት ሽቦዎች ከሥራቸው መሬት ላይ 94 ናኖቴስላ ያህል ያደርሳሉ። ያው ጅረት በአንድ ሜትር ጥልቀት፣ ሽቦዎቹ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ በሚራራቁበት ኬብል ቢሄድ፣ ከላዩ አስፋልቱ ላይ 600 ይሆናል፤ ከኬብሉ 8 ሜትር ላይ ያለ ሰው ግን የሚያገኘው 9 ገደማ ብቻ ነው። ተለዋዋጭ ጅረት ስለሆነ ደግሞ በሰከንድ 50 ጊዜ ወደፊትም ወደኋላም እየተገላበጠ ይጣፋል፤ የሰማዩን ጅረት በደቂቃ አማካይ ለሚመዘግበው የአራት ኪሎ መሣሪያ እንደሌለ ነው።